«ዶ» የማን ዶ ነው? ድምፃቸው ከኖታቸው ስለሚለይ መሣሪያዎች አስተማማር

ባንድ የሙዚቃ ልምምድ ላይ ተገኝተን ያየነው ነገር ይህን ትችት እንድንጽፍ አነሣሥቶናል። መሪው «ትዝታን ከዶ» ብሎ አዘዘ። ፒያኖው ዶን መታ። የአልቶ ሳክሶፎን ተጫዋቹም በኖታው ላይ ዶ የሚባለውን ነፋ፤ የተሰማው ግን ሚ ቤሞል ነበር። ቴነሩ ደግሞ ሲ ቤሞልን አወጣ። ዘፋኟ ማንን እንደምትከተል ግራ ገብቷት ዝም አለች። መሪውም ተጫዋቾቹን «ጆሮ የላችሁም» ሲል ገሠጻቸው። እኛ እንደሚመስለን ግን ሁሉም የታዘዙትን ፈጽመዋል፤ ጥፋቱ የማን ዶ እንደ ሆነ ካልተናገረው ዘንድ ነው።

ኮንሰርት ፒች የሚባለው በፒያኖ ላይ እንደሚሰማው ያለ፣ ስሙና ድምፁ የማይለያዩበት ልክ ነው። መለኪያው ላ ሲሆን፣ ይኸውም ፈረንሳዮች በ1859 በሰከንድ 435 ንዝረት ብለው የደነገጉት፣ በ1939 በሎንዶን በተደረገው ስብሰባ 440 እንዲሆን የተስማሙበት ነው (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የሳክሶፎን ኖታ ግን የሚነግረን ድምፁን ሳይሆን ጣት የሚያርፍበትን ቦታ ነው። ስለዚህ ፒያኖው ትዝታን በዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ሲጫወት፣ ቴነሩ ሬ፣ ሚ፣ ፋ ዲዬዝ፣ ላ፣ ሲ፤ አልቶውም ላ፣ ሲ፣ ዶ ዲዬዝ፣ ሚ፣ ፋ ዲዬዝ ማንበብ አለባቸው።

ይህንን «የኖታ ውሸት» የሚሉ ጓደኞች አሉን። አንስማማም። አልቶ የተማረ ሰው ቴነር ቢሰጡት ጣቱን እንደ ገና ማስተማር አያስፈልገውም፤ ይህም ቀላል ጥቅም አይደለም። ሞዛርት በ1791 የጻፈውን የክላሪኔት ኮንቼርቶ ኦርኬስትራው በላ ማጆር ሲያጅብ፣ በላ የተሠራውን ክላሪኔት የያዘው ሰው ያለ ችግር በዶ ማጆር ያነባል።

የምንነቅፈው አስተማማሩን ነው። ተማሪው «ለቴነር አንድ ቶን ጨምር፣ ለአልቶ ሦስት ግማሽ ቶን ቀንስ» የሚለውን እንደ ዳዊት ይሸመድዳል እንጂ ምክንያቱን አይጠይቅም። ነገሩ ግን ባገራችን እንግዳ አልነበረም። ዋሽንት ነፊ ረጅምና አጭር ዋሽንቶች ይዞ ይዞራል፤ የዘፋኙ ድምፅ ከፍ ሲል አጭሩን ያነሣል፣ ጣቶቹ ግን ያንኑ ቅኝት በዚያው መንገድ ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ትዝታም በድምፆቹ መካከል ባለው ርቀት ትዝታ ነው እንጂ ከዶ ስለ ተነሣ አይደለም። ትምህርቱ ከዚህ ቢነሣ ሰንጠረዡ በራሱ ይገባ ነበር።

ንጽጽሩ ግን እስከ መጨረሻው አይሄድም። ክራር መቺ ክሩን ጠበቅ ወይም ላላ አድርጎ ለዘፋኙ ጉሮሮ ይታዘዛል፤ ሳክሶፎን በአፍ ጥቂት ቢስተካከል እንጂ ከ440ው ብዙ አይርቅም። ከዚህም የተነሣ አንዳንድ መሪ ለነፊዎቹ ጣት የሚቀልለውን መነሻ ይመርጥና ዘፋኙ እንዲጮኽ ወይም እንዲያጉረመርም ያስገድደዋል። እኛ ይህን ከኖታ ስሕተት የከፋ እንለዋለን፤ ማንም ስሕተት ነው ብሎ አያርመውምና።

በዚያ ልምምድ፣ ከብዙ ክርክር በኋላ፣ ከነፊዎቹ አንዱ ዘፋኟ ከየት መነሣት እንደሚመቻት እንዲጠይቋት አሳሰበ። ሁሉም ዘወር ብለው አዩ፤ እርስዋ ግን ነጠላዋን ለብሳ ወጥታ ነበር።