መጨረሻው የታወቀ ፍቅር

ባለፈው ሰሞን እኛ ዶርም ውስጥ አንድ የፍቅር ልብ ወለድ ከአልጋ አልጋ ሲዞር ከረመ። ስሙን አልጠራም፤ ብጠራውም ለውጥ የለውም፣ ወንድሞቹ ብዙ ናቸውና። ሽፋኑ ተገንጥሏል፤ የመጨረሻዎቹ ገጾችም የሉም። ስድስት ሆነን ቁጭ አልንና «መጨረሻው ምን ይሆን?» ብለን ልንከራከር ሞከርን። ክርክርም አልሆነ። አምስታችን «ልጅቱ ትሞታለቻ!» አልን። ስድስተኛው ደግሞ «ከመሞቷ በፊት ደብዳቤ ትጽፋለች» ብሎ ጨመረበት። ከሳምንት በኋላ ሙሉው ቅጂ ከሌላ ዶርም ተገኘ። ሞታለች። ደብዳቤውም አለ።

ሳቅን። ከሳቁ በኋላ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። መጽሐፉን ያበላሸው መጨረሻውን ቀድመን ማወቃችን ነው እንዴ? እኛ ተማሪዎች ሒስ ስንሰነዝር «የተለመደ ነው» ማለት ይቀናናል፤ ይህችን ካልን ፍርዱን የጨረስን ይመስለናል። የተለመደ መሆን በራሱ ጥፋት ከሆነ ታዲያ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ምን ልናደርገው ነው? ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ይህ መጽሐፍ መጨረሻውን የሚነግረን ገና ከሽፋኑ ላይ ነው። መቃብር ይላል፤ መጨረሻውም መቃብር ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ያነበበውም ያላነበበውም እኩል ጆሮውን ይሰጥ እንደነበር ታላላቆቻችን ያወጉናል። ማንም «መጨረሻውን አውቀዋለሁ» ብሎ ሬዲዮውን አልዘጋም።

ስለዚህ የእኔ አስተያየት ይህ ነው፦ የፍቅር ልብ ወለድ ሲነበብ «ይገናኙ ይሆን?» ከሚለው ይልቅ «ምን ለያያቸው?» የሚለው ጥያቄ ይበልጣል። የለያያቸው ነገር ሥር ያለው ከሆነ ብልሃቱ ሺህ ጊዜ የተሠራበት ቢሆንም ይይዘናል። ደራሲው ከኪሱ አውጥቶ መንገድ ላይ ያስቀመጠው ድንጋይ ከሆነ ግን አንባቢው ራሱ በእግሩ ገፋ አድርጎ ማለፍ ያምረዋል።

የጌታ ልጅና የድኻ ልጅ ፍቅርን እንውሰድ። ከዚህ የበለጠ ያረጀ ብልሃት የለም። በርካሾቹ መጻሕፍት ውስጥ ሀብታሙ አባት መኻል ላይ ድንገት ይመጣል፣ «ከደጃፌ ጥፋ!» ብሎ ይጮኻል፣ ይሄዳል። ለምን እምቢ እንዳለ የሚያውቅ የለም፤ አባትዬውም የሚያውቅ አይመስለኝም። ፊታውራሪ መሸሻ ግን እንዲህ አይደሉም። በዛብህ ሊያስተምር ወደዚያ ቤት ሳይገባ ገና፣ ሰብለ ወንጌልን የጠየቁት ሁሉ «በዘር አይመጥኑም» እየተባሉ ተመልሰዋል፤ እሷም የመዳሪያዋ ዕድሜ እያለፈ ነው። እንግዲህ ግድግዳው የቆመው ሁለቱ ሳይተያዩ በፊት ነው ማለት ነው። ያንኑ ኩራት ፊታውራሪ ገበሬውን ሲያስገብሩም እናየዋለን፤ ገበሬው ሲያምፅባቸውም እናየዋለን። በበዛብህም በኩል ሌላ አለ፤ ወላጆቹ ገና በሕፃንነቱ ለቤተ ክርስቲያን ተስለውታል። ጉዱ ካሳ ደግሞ እኛ በልባችን የምንለውን ሁሉ በአፉ ይናገራል፤ ትርፉ እብድ መባል ሆነ። ነገሩ የገባው ሰው እንኳ ሊያነሣው ያልቻለ ድንጋይ እውነተኛ ድንጋይ ነው።

ሌላው ብልሃት ሴቲቱን ወንድ ማስመሰል ነው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ባሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ» ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ወንድሟን ፍለጋ ትወጣለች። ከ58 ዓመት በኋላ ሰብለም መነኩሴ መስላ ከአባቷ ቤት ትጠፋለች። ልብሱ አንድ ዓይነት ነው፤ ሥራው ግን ይለያያል። የጦቢያ መንገድ ተረት ተረት ይሸታል፤ ንጉሡ ሃይማኖቷን ተቀብሎ ሲያገባት «እሰይ!» ብለን እናልፈዋለን፤ ከተረትም ይህንኑ ነው የምንጠብቀው። ሰብለ ስታደርገው ግን ሆድ ይበላል። የጌታ ልጅ ብቻዋን መንገድ ልትሄድ የምትችለው ሴትነቷን ደብቃ ብቻ መሆኑን ያ የመነኩሴ ልብስ ያሳየናል።

በሁለት ሴቶች መኻል የቆመው ወንድስ? በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. በወጣው «ኦሮማይ» ጸጋዬን በአዲስ አበባዋ እጮኛው በሮማንና በአስመራዋ ፊያሜታ መኻል ያቆመዋል። እዚህ ላይ ብልሃቱ በግማሹ ብቻ ነው የሠራው ባይ ነኝ። ፊያሜታ ትስቃለች፣ ትቆጣለች፣ ከተማዋን ይዛ ትመጣለች። ሮማን ግን በሩቅ ያለች ጥሩ ልጅ ናት፤ ከዚያ በላይ አላወቅኳትም። ሚዛኑ አንድ ወገን ባዶ ሲሆን ወዴት እንደሚያጋድል ማን ይጠፋዋል? መጽሐፉን የሚያድነው የ1974ቱ የቀይ ኮከብ ዘመቻ ነው። ሰውዬው በሁለት ሴቶች መኻል ከመወጠሩ ይበልጥ በሥራውና በኅሊናው መኻል ተወጥሯል።

አሁን ወደ እኛው ግቢ ልምጣ። ወዶ ዝም ማለት የሚባለውን ብልሃት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። ሲሳይ ንጉሡ «ሰመመን» ውስጥ አቤል ትዕግሥትን ይወዳል፤ አፉ ግን አልፈታ ይለዋል። ስናነበው «ተናገራ አንተ!» እያልን አልጋ የደበደብን ብዙ ነን። በአንድ ቃል የሚፈርስ ግድግዳ ስለሆነ፣ በእኔው መለኪያ ከሄድን መውደቅ ነበረበት። አልወደቀም። ምክንያቱም ደራሲው ዝምታውን እንደ ጀግንነት አላቀረበልንም፤ ልጁን ምን ያህል እንደሚበላው ነው ያሳየን። የተከተሉት መጻሕፍት ዝምታውን ወሰዱ፣ ዋጋውን ተዉት።

ይህ ቀልድ አይደለም። አንደኛ ዓመት ሳለሁ አንዲት የክፍላችንን ልጅ ወድጄ ዓመቱን ሙሉ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ፊት ለፊቷ ተቀምጬ ከረምኩ። አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። ካነበብኳቸው መጻሕፍት የተረዳሁት እውነተኛ ፍቅር ዝም እንደሚል ነዋ! ትልቅ ሥራ የሠራሁ ይመስለኝ ነበር። ዘንድሮ ወሬ አንሥተን ስንጫወት «እኔኮ የምትንቀኝ ነበር የሚመስለኝ» አለችኝ። የማን ጥፋት ነው? የእኔ መሆኑ አይካድም። ነገር ግን ከሃያ መጻሕፍት ውስጥ አንዱ እንኳ እሷ ምን ታስብ እንደነበር እንድጠይቅ አላስተማረኝም።

ወደዚያች ዶርማችን ውስጥ ወደ ሞተችው ልጅ ልመለስና ልጨርስ። የሞተችው ደራሲው ከዚያ ወዲያ ምን እንደሚያደርጋት ስላላወቀ ነው። ሳሏ የጀመራት መጽሐፉ ሊያልቅ ሃያ ገጽ ሲቀረው ነው፤ ደብዳቤዋም ስለ ልጁ እንጂ ስለ ራሷ አንድ መስመር የለውም። በዛብህ ሲሞት ግን ሰብለ ትቀራለች፤ መንኩሳ ያን ሁሉ ዕድሜ ትሸከመዋለች። ሞትን የምናምነው የሚቀረውን ሰው ስናይ ነው።

እንግዲህ በየደብተራችሁ ጀርባ ልብ ወለድ የምትጭሩ ጓደኞቼ፣ የጌታ ልጅም ጻፉ፣ ዝምታም ጻፉ፣ ሞትም ጻፉ፤ ማንም አይከለክላችሁም። ግን ልጅቱን ከመግደላችሁ በፊት እስቲ አንድ ጊዜ አናግሯት። ምናልባት የምትለው ይኖራታል። በዚህ የማይስማማ ካለ ብዕሩን ያንሣ፤ በሚቀጥለው እትም እንገናኝ።