የባሚያ ወጥና የገለጉ አመሻሽ

የቋራ ወረዳ ከተማ በሆነችው ገለጉ ሰው እግሩን ለማፍታታት የሚወጣው የቆላው ሙቀት በረድ ሲል ነው። መንገዱ ግን ቶሎ አያስኬድም። ከአንዱ ጋር ሰላምታው ሳያልቅ ሌላው ይደርሳል፤ የልጆቹ ጤና፣ የከብቱ ደኅንነት፣ የሰሊጡ ሁኔታ ሁሉ ይጠየቃል። ከደጋ ወርዶ የሰፈረው፣ ጉሙዙ፣ ለአጨዳ የመጣው የቀን ሠራተኛ፣ ማንም ሳይጠየቅ አይታለፍም። በየደጁም «እንብላ!» ይባላል።

ግብዣው የባሚያ ወጥ ከሆነ እምቢ ማለት ይከብዳል። በክረምት እሸቱ ይሠራል፤ የተረፈው ተከትፎ ፀሐይ ላይ ይደርቅና ለበጋ ይወቀጣል። ሽንኩርቱ በበርበሬ ተቁላልቶ፣ ነጭ ሽንኩርት ገብቶበት፣ ዱቄቱ በሚፈላው ላይ እየተነሰነሰ ሲማሰል ወጡ ይወፍራል፣ ይሳባል። ሽሮ እየበላ ያደገ ሰው መዝለግለጉን ሊሸሸው ይችላል። እኔ ግን ውበቱ እሱ ነው እላለሁ፤ የማሽላውን እንጀራና ገንፎ ጉሮሮ ሳይቧጥጥ የሚያወርደው ያ ልስላሴ ነው። ከድንበሩ ማዶ ሱዳኖችም ይህንኑ የባሚያ ዱቄት ወጥ ሠርተው አሲዳ ከሚሉት ገንፎ ጋር ይበሉታል። ሥጋ ባይገባበትም ያጠግባል፤ በጾም ለመጣ እንግዳም ሳያሳፍር ይቀርባል።