መጤና ወረርሽኝ በፎገራ፤ ስለ መጠይቆቻችን የቀረበ ትችት

የኮሮና ወረርሽኝ በ2012 ዓ.ም. ዓለምን ካስጨነቀ ወዲህ፣ በሽታው በስደተኞች ኑሮና አእምሮ ላይ ያደረሰውን ጉዳት የሚመረምሩ ጥናቶች በየአገሩ በዝተዋል። በአሜሪካ የሚኖሩ የኮሪያና የሌሎች የእስያ አገሮች ተወላጆች «በሽታውን ያመጣችሁት እናንተ ናችሁ» እየተባሉ በመንገድ ሲሰደቡ ኖረዋል። ይህን የሚያጠኑ ሰዎች ስልታቸው ባብዛኛው አንድ ነው፤ ሰውዬው ስንት ጊዜ እንደ ተሰደበ ይጠይቃሉ፣ ስሜቱንም ይጠይቃሉ፣ ከዚያ ሁለቱን ቍጥሮች ያነጻጽራሉ። ጓደኞቻችን ተማሪዎች ይህንኑ ስልት ተርጕመው ወደ ወረታ ቢወስዱት ጉዳዩን አንነቅፍም፤ የምንነቅፈው ሚዛኑ ሳይፈተሽ መወሰዱን ነው።

በመጀመሪያ ነገሩ የሰው አገር ነገር ብቻ እንዳልሆነ እናስታውስ። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ ሲገለጽ ሰውዬው ጃፓናዊ መሆኑ ተነገረ፤ የመጣው ግን ከቡርኪና ፋሶ ነበር። ከአምስት ቀን በኋላ በአዲስ አበባ የሚገኘው የአሜሪካ ኤምባሲ፣ የውጭ አገር ሰዎች ድንጋይ እንደሚወረወርባቸውና ታክሲ እንደሚከለከሉ የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ አወጣ። በሚያዝያ በቻይና በጓንዡ ከተማ አፍሪቃውያን ከተከራዩት ቤት ተባረሩ። ጥቂት ቈይቶም የኢኮኖሚ ድቀትና ወረርሽኝ በተደራረቡባት በቤይሩት፣ አሠሪዎቻቸው እኅቶቻችንን በኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ ጥለዋቸው ሄዱ። ስለዚህ በአንድ ወረርሽኝ ሰዳቢም ተሰዳቢም ሆነናል።

ኮሪያም ብትሆን ለፎገራ ፈጽማ ባዳ አይደለችም። በ1970ዎቹ ዓ.ም. በጅግናና በሻጋ የገበሬዎች አምራች ማኅበራት ሩዝን ለማስለመድ የደከሙት የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ነበሩ። ርብና ጉማራ ሞልተው ሲያጥለቀልቁት በውሃ ተኝቶ ይከርም የነበረው ሜዳ ዛሬ የሩዝ ማሳ ሆኗል። ሩዝ ደግሞ ብዙ የሰው ጕልበት ይጠይቃልና፣ ለአረምና ለአጨዳ ወደ ወረታ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ዛሬ የፎገራ መጤ ነው። የፎገራ ልጅም በተራው ለሰሊጥ ሥራ ወደ መተማና ወደ ሑመራ ይወርዳል፤ እዚያ ደግሞ መጤው እርሱ ይሆናል።

ይህ መመላለስ የበሽታ ታሪክም አለው። በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከምና በፎገራ ወረዳዎች ካላዛር ተገኘ። ትኵሳት የማይለቃቸው፣ ጣፊያቸው ያበጠ ሰዎች ሲታዩ መጀመሪያ ወባ ነው ተብሎ ነበር፤ ካላዛር የሚታወቀው በቆላው ነበርና። ተመራማሪዎች እንደሚገምቱት፣ በሽታውን ሳያውቁ ይዘውት የመጡት ከቆላ ሥራ የተመለሱ ሠራተኞች ናቸው። ካላዛር ካልታከመ አብዛኛውን ጊዜ ይገድላል፤ የሚያስተላልፈው ግን የአሸዋ ዝንብ እንጂ የሕመምተኛው እስትንፋስ ወይም ገበታ አይደለም። እንግዲህ ከተመላሹ ሠራተኛ መሸሽ ማንንም አያድንም፤ እርሱን ግን ሕመሙን ደብቆ ወደ ሐኪም ዘግይቶ እንዲሄድ ሊያደርገው ይችላል። ለኮሮና በአንጻሩ መራራቅ ይጠቅማል። ስለዚህ አጥኚው ጥንቃቄን ከንቀት ለይቶ ማየት ይገባዋል፤ «ስንት ጊዜ ሰዎች ራቁህ?» የሚለው ጥያቄ ሁለቱን አይለይም።

አሁን ወደ ሚዛኑ እንመለስ። በብዙ አገር የሚሠራበት ባለ 9 ጥያቄ የትካዜ መለኪያ፣ ባለፉት 2 ሳምንታት እንቅልፍ ያጣህ፣ የደከመህና የምግብ ፍላጎትህ የተዛባ እንደ ሆነ ከሚጠይቃቸው ነገሮች መካከል ናቸው። ቀኑን ሙሉ ውሃ ውስጥ ጐንበስ ብሎ ሲያርም የዋለ፣ ሌሊቱንም ከትንኝ ጋር ሲታገል ያደረ ሰው «አዎን» ቢል ሕመም ተገኘ እንላለንን? በሌላ በኩል አሠሪው ማዕዱን ለይቶ ያቀረበለት ሰው «ተገልለሃል ወይ?» ሲባል «ኧረ የለም» ሊል ይችላል፤ ነገም ሥራ ይፈልጋልና። ይኸው ሰው ለአገሩ ልጅ «ሆድ ባሰኝ» ብሎ ይነግረዋል፤ በዚህ አነጋገር ውስጥ ኀዘንም፣ ባዳነትም፣ የወገን ናፍቆትም አሉበት። መጠይቁ ግን ለዚህ ቦታ አላዘጋጀም። እንዲህ ያለው ቍጥር የደከመውን ሕመምተኛ፣ የተዋረደውን ጤነኛ አድርጎ ሊቈጥር ይችላል።

ያለ ቍጥር የጤና ሹማምንትን ማሳመን አይቻልም የሚል መልስ እንደሚሰጠን እናውቃለን፤ እውነትም አለበት። እኛም መለኪያው ይጣል አንልም፤ ከመለካቱ በፊት የሚለካው ነገር ይታወቅ እንላለን። ስለ እንቅልፍና ስለ ድካም ሲጠየቅ ስለ ሥራውና ስለ ማደሪያው አብሮ ይጠየቅ። መጤው ብቻ ሳይሆን አሠሪውም፣ ቤት አከራዩም ይጠየቁ፤ መገለል የሚመነጨው ከእነርሱ ዘንድ ነውና። ሠራተኛውም ወደ አገሩ ሲመለስ ከዘመዶቹ መካከል ተቀምጦ ዳግመኛ ይጠየቅ።

ለቃላችንም እንጠንቀቅ። የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር ዶክተር ቴድሮስ አድኃኖም የካቲት 3 ቀን 2012 ዓ.ም. የአዲሱን በሽታ ስም ሲያስታውቁ፣ ስሙ አገርን፣ እንስሳን ወይም ሕዝብን የማይጠራ ሆኖ መመረጡን ገልጸዋል። መጠይቃችን «መጤዎች ያመጡት በሽታ» የሚል ቃል ቢይዝ፣ ስድቡን ሊያጠና ሄዶ ስድቡን ያስተምራል።

ከዚህ ነቀፋ ራሳችንን አናወጣም፤ ወረቀት አስሞልተን በማግስቱ መመለስ የሁላችን ልማድ ነው። በሚመጣው የአረም ወራት ወደ ወረታ የሚወርዱ ጓደኞቻችን፣ መጠይቁን ከመዘርጋታቸው በፊት አንድ ማታ ከሠራተኞቹ ጋር ከአንድ ገበታ ቢበሉ፣ ምን ብለው መጠየቅ እንደሚገባቸው ከዚያው ይማራሉ ብለን እናምናለን።