ሃምሳ ዘጠኝ ፊደል

የእንግሊዞችን የገና የቃላት እንቆቅልሽ ሞክራችሁ ታውቃላችሁ? ባለፈው ገና አንዲት መስመር ይዤ ሁለት ምሽት ታገልኩ፡፡ ባለቤቴ ‹‹በበዓልም ፈተና ታርማለህ እንዴ?›› አለችኝ፡፡

መስመሯን የጻፉት በዘ ጋርዲያን ጋዜጣ ‹‹አሮኬሪያ›› በሚል የብዕር ስም የታወቁት ቄስ ጆን ግራሃም ናቸው፡፡ ላይ ላዩን መላእክት እየዘመሩ የሕፃኑን መውረድ ያበስራሉ፤ ይህ ሰሙ ነው፡፡ 59ኙን ፊደላት በትናችሁ እንደገና ስትደረድሯቸው ግን ሌሊት መንጋ የሚጠብቁ፣ መሬት ላይ የተቀመጡ እረኞች ብቅ ይላሉ፤ የታወቀ የገና መዝሙር መነሻ! አንድ ፊደል አልተረፈ፣ አንድ አልጎደለ፡፡

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ያልገባኝን ግጥም ‹‹ጥልቅ ነው›› ብዬ ያለፍኩበት ጊዜ አለ፡፡ ተማሪዎቼም ማደናገር ጥበብ መሰላቸው፡፡ ጥፋቱ የኔ ነው፡፡ የቄሱ መስመር ትከብዳለች እንጂ አታታልልም፤ ስትፈታ ‹‹ለካ ዓይኔ ሥር ነበር!›› ታሰኛለች፡፡ የጥሩ ቅኔ ሕጉም ይኸው ነው፤ ወርቁ ከሰሙ መውጣት አለበት፡፡

እኚሁ ሰው ካንሰር እንደያዛቸው ለአንባቢ የነገሩት እ.ኤ.አ. በጥር 2013 በእንቆቅልሽ ነበር፡፡ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ አረፉ፡፡ የፈቱት ሰዎች ያንን መርዶ ከማንም አልሰሙም፤ ፊደል በፊደል ጽፈው የጨረሱት ራሳቸው ናቸው፡፡