ማረሻው የት ደረሰ?

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ አቶ አቤ ጉበኛ በ1961 ዓ.ም. ያሳተሙትን «አንድ ለናቱ» ገና ያላነበብህ እንደ ሆነ ፈልገህ አንብበው፤ ካነበብህ በኋላ ግን ከእኔ ጋር ጥቂት ተሟገት። መጽሐፉ የዐፄ ቴዎድሮስን ታሪክ በልብ ወለድ ይተርካል። ደራሲው ንጉሡን ወድደው ጽፈዋል፤ አንባቢም ወድዶ ይዘጋዋል። እኔ የምነቅፈው ይህን ፍቅር ሳይሆን፣ ከመጽሐፉ ስም የሚጀምረውን አስተሳሰብ ነው። ለእናቱ አንድ የሆነ ሰው ለአገሩም አንድ ብቻ ከሆነ፣ እርሱ ለድኻው ያመጣው እኩልነት ከእርሱ በኋላ በማን እጅ ይቆያል?

ይህ ጥያቄ ለእኛ ለምዕራብ ጎንደር ቆላ ሰዎች ሩቅ አይደለም። የመተማ ጎረቤት የሆነችው ቋራ ካሣ ኃይሉ የሸፈተባት አገር ናት። ካሣ በሽፍትነቱ ዘመን የዘረፈውን ለገበሬው እያካፈለ፣ ማረሻ ግዙበት ይል እንደ ነበር ይነገራል። በገንዳ ውኃ ሳስተምር ስለ ቴዎድሮስ ድርሰት ጻፉ ባልሁ ቍጥር ልጆቹ ሁለት ነገር ይጽፉልኝ ነበር፤ ማረሻውንና የመቅደላውን ሽጉጥ። በመካከሉ ያሉት 13 የንግሥና ዓመታት ከወረቀታቸው ላይ አይገኙም።

ዋናው ቁም ነገር ግን ያለው በዚያ መካከል ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በየካቲት 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ከነገሡ በኋላ ገበሬው ወደ እርሻው፣ ነጋዴው ወደ ንግዱ እንዲመለስ አዋጅ አስነገሩ፤ የባሪያ ንግድን ከለከሉ፤ ወታደሩም ገበሬውን እየዘረፈ መኖሩን ትቶ በደመወዝ እንዲያድር ሞከሩ። ለአንድ ቤተ ክርስቲያን 2 ቄስና 3 ዲያቆን ይበቃል፣ የተረፈው መሬት ለገባር ይሰጥ ማለታቸው ከካህናቱ ጋር አጣላቸው። ይህ ሁሉ ከማረሻው ይበልጣል፤ ማረሻው ምጽዋት ነበር፣ ይህ ግን ሥርዓት ነው። ሆኖም ሥርዓቱን የሚጠብቅ ሹምና ዳኛ አልተገኘም፤ ሁሉም በንጉሡ ቍጣና ምሕረት ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። መኳንንቱ በየአገሩ ሲያምፁ ግብሩ አነሰ፤ ወታደሩም ተመልሶ የገበሬውን ጎተራ ገለበጠ። በደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ የነበሩት ባለ እጅ ሚሲዮናውያንም መድፍ እንዲሠሩ ታዘዙ። (እኔ የሚሲዮን ተማሪ ነኝና፣ ምነው ማረሻ በሠሩ እላለሁ።) በ1859 ዓ.ም. ጎንደር ተቃጠለች፤ ያቃጠላት ያው ለድኻ ያዘነው እጅ ነው።

ለደራሲው ግን ልፍረድላቸው። «አልወለድም» የተባለው መጽሐፋቸው በመንግሥት ታግዶ ነበር። «አንድ ለናቱ» ሲታተም ጭሰኛው ገና ከምርቱ ለባለ መሬት ይከፍላል፤ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው ከተሰለፉ 4 ዓመት ገደማ ነው። ስለ ሕያው ንጉሥ እንዳይጽፉ የተከለከሉ ሰው በሞተው ንጉሥ በኩል ቢናገሩ ማን ይፈርድባቸዋል?

ጭሰኝነት የቀረው በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ነው። አዋጁን ያወጣው ደርግ ለድኻ አዘንሁ እያለ ብዙ ደም ያፈሰሰ መንግሥት ነበር፤ ዳሩ ግን በ1983 ዓ.ም. ሲወድቅ ጭሰኝነት ተከትሎ አልተመለሰም፤ ገበሬው መሬቱን ይዞ ነበርና። በ«አንድ ለናቱ» ውስጥ የምሻውና በበቂ ያላገኘሁት ይህን ገበሬ ነው፤ የቋራው ሰው ገንዘቡን ተቀብሎ ምን እንዳለ፣ ከዓመታት በኋላም የንጉሡ ወታደር ሲመጣበት ማረሻውን የት እንደ ደበቀ።