የወደዱትን ማካፈል፤ ስለ ጃዝ አልበምና ስለ አድማጩ

ሙዚቃን መውደድ የግል ጉዳይ ሊሆን ይችላል፤ የወደዱትን ለሌላው ማካፈል ግን ማኅበራዊ ተግባር ነው። የጃዝ አፍቃሪዎች ሸክላ እየተዋዋሱ፣ በአንድ ማጫወቻ ዙሪያ እየተሰበሰቡ ሲያዳምጡና ሲከራከሩ ኖረዋል። መሣሪያው ቢለወጥም ልማዱ አልቀረም። ይሁንና «ይህን ስሙ፤ ግሩም ነው» ብሎ የሚያበቃ ሰው ስም አቀበለ እንጂ ሙዚቃ አላካፈለም። ምን እንደወደደ፣ የወደደውም ነገር በሥራው ውስጥ የት እንደሚገኝ የሚያስረዳ ግን የሂስን የመጀመሪያ እርምጃ ተራምዷል።

እንዲህ ባለው ስብስብ ውስጥ ስሙ አዘውትሮ ከሚነሣው አልበም እንጀምር። ማይልስ ዴቪስ «ካይንድ ኦፍ ብሉ»ን በ1959 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በኒውዮርክ በሁለት ቀን ብቻ፣ ማርች 2 እና ኤፕሪል 22 ቀረጸው። አብዛኛው አድማጭ «ለስላሳ ነው» ብሎ ያደንቀዋል። ይህ ግን ውጤቱን እንጂ ምክንያቱን አይገልጽም። የዘመኑ ጃዝ ተጫዋች በፍጥነት በሚለዋወጡ ኮርዶች ላይ ሲሮጥ፣ ዴቪስ ኮርዶቹን ቀንሶ በአንድ የድምፅ መሰላል ላይ ረግቶ እንዲያስብ ዕድል ሰጠው። የመጀመሪያው ዜማ «ሶ ዋት» በአራት እኩል ክፍሎች የተዋቀረ ነው፤ ሦስቱ በአንድ መሰላል ላይ ሲቆሙ፣ ሦስተኛው ክፍል ብቻ በግማሽ ድምፅ ከፍ ይላል። የልስላሴው ምንጭ ይህ ስፋት ነው።

እዚህ ላይ ኢትዮጵያዊው አድማጭ ባዕድ አይሆንም። አዝማሪ በአንድ ቅኝት ላይ ረግቶ ዜማውን ሲያዞር፣ ሲያስረዝምና ሲያስጌጥ የሰማ ጆሮ፣ ተጫዋቹ በጥቂት ድምፆች ብዙ ለመናገር ሲጥር ይገባዋል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ አምስት አምስት ድምፆች አሏቸው፤ የዴቪስ መሰላል ሰባት ነው። አንዱ ከሌላው ተወስዷል ማለት ስሕተት ይሆናል፤ የሚቀራረቡት በአሠራር መንገዳቸው ነው።

ይህን መንገድ ከራሱ ቤት ተነሥቶ የያዘው ሙላቱ አስታጥቄ ነው። በ1972 በኒውዮርክ ባወጣው «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» ውስጥ የሀገሩን ቅኝት ከቫይብራፎን፣ ከፍሉት፣ ከሳክስፎንና ከላቲን አሜሪካ ከበሮዎች ጋር አዋሕዷል። ሠርግ የታደመ ሁሉ የሚያውቀው «ኩሉን ማን ኳለሽ» በዚህ አልበም ውስጥ አዲስ ቀለም ይዞ ይመጣል። ሆኖም አድናቆት ሚዛንን ማሳት የለበትም። ይህ ዜማ ከሦስት ደቂቃ በታች ያልቃል፤ «ሶ ዋት» ግን ዘጠኝ ደቂቃ ያልፋል። የሙላቱ አልበም በቀለምና በምት ሲበለጽግ፣ ለተጫዋቹ የፈጠራ ጊዜ የሚሰጠው ስፍራ በአብዛኛው ጠባብ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ያዳመጠ ሰው የእያንዳንዱን ብርታትና ጉድለት ይለያል፤ አንዱን ብቻ የሚያመልክ ግን ሁለቱንም አላወቀም።

ማካፈል የአንድን ሥራ ዕድሜ ሊወስን እንደሚችልም የኢትዮጵያ ሙዚቃ ታሪክ ይመሰክራል። አምኃ እሸቴ በ1969 ያቋቋመው አሳታሚና የዘመን ጓዶቹ ያወጧቸው ሸክላዎች ከጊዜ በኋላ ከገበያ ጠፉ። በ1998 ግን በፍራንሲስ ፋልሴቶ አሰናጅነት በፈረንሳይ የወጣው የ«ኤትዮፒክ» አራተኛ ቅፅ የሙላቱን ሥራዎች ለዓለም አድማጭ መልሶ አቀረበ፤ በ2005 ደግሞ የጂም ጃርሙሽ ፊልም «ብሮክን ፍላወርስ» ይበልጥ አስፋፋቸው። ይህ የሚያስደስት ነው፤ የሚያስቆጭም ነው። በአዲስ አበባ እጅ በእጅ ይዞር የነበረ ሥራ ለብዙ ወጣት ኢትዮጵያውያን ባሕር ተሻግሮ ተመልሶ መጥቷልና። የቀድሞዎቹ ሸክላዎችም ዛሬ ብርቅ ዕቃ ሆነው በሰብሳቢዎች መደርደሪያ ላይ ተቀምጠዋል። ሸክላን ስለ ብርቅነቱ መውደድ ሙዚቃን መውደድ አይደለም፤ ያልተሰማ ሸክላ ዝም ያለ ሸክላ ነው።

እንግዲህ አካፋዩ ምን ያድርግ? አልበሙን በሙሉ ያሰማ፤ የዜማዎቹ ቅደም ተከተል የሥራው አካል ነውና። የተጫዋቾቹንም ስም ይናገር። በ«ካይንድ ኦፍ ብሉ» ሁለተኛ ዜማ ላይ ብቻ ፒያኖውን የሚጫወተው ቢል ኤቫንስ ሳይሆን ዊንተን ኬሊ ነው፤ ይህን የተነገረው አድማጭ የብሉዙ ጣዕም ለምን ጎልቶ እንደመጣ በራሱ ጆሮ ይደርስበታል። በመጨረሻም ልቡን የነካውን ስፍራ ደግሞ ያሰማ፤ ከዚያም ዝም ብሎ የሌላውን ሐሳብ ያዳምጥ። መምህሩ በክፍሉ፣ ከያኒው በልምምዱ ቦታ፣ የባህል ሠራተኛውም በአዳራሹ ይህን ቢያዘወትር፣ አድማጩ የሰው ምርጫ ተቀባይ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ መርጦ፣ መዝኖና ምክንያቱን አስረድቶ የሚያቀብል ይሆናል።