ሳሎን የቀረች እንግዳ

«ኢነር ዊል» የተባለው የሴቶች ክለብ በ1924 እ.ኤ.አ. ማንቸስተር ላይ ሲመሠረት፣ መሥራቾቹ የሮታሪ አባላት ሚስቶች ነበሩ። ከዓላማዎቹ አንዱ በአገሮች መካከል መግባባትን ማምጣት ስለሆነ አባላቱ ባሕር ተሻግረው ይጠያየቃሉ። ደግ! ለመሆኑ እንግዳዋ ምን አይታ ትመለሳለች? አርማ መለዋወጥ፣ ግብዣ፣ ጭብጨባ፣ ፎቶግራፍ። ሳሎን ተቀምጣ፣ ጓዳ ሳትገባ ትሸኛለች።

የእኛ የዕድር ሴቶች እኮ የሚተዋወቁት ለቅሶ ቤት ነው፤ አንዷ ሽንኩርት ስትከትፍ፣ ሌላዋ ድስት ስታጥብ። የክለቦቹስ ጉብኝት ለምን እንዲህ አይሆንም? ከግብዣው ቀን አንዱን ይቀንሱና እንግዳዋ ከባለቤቶቹ ጋር ትሥራ፤ የሒሳብ መዝገቡን ታገላብጥ፤ ያልተሳካውንም ትስማ። ስኬት ብቻ የሚታይበት ጉብኝት የሚያስተምረው ማጨብጨብን ነው። አለበለዚያማ «የአውሮፕላን ትኬቱ ገንዘብ ስንት ልጅ ያስተምር ነበር?» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ምን ይመለስለታል?